መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ፒሲቢ ማስበላት፦ የአንድ ሰሌዳ የደህንነት ጥናት

ጉዳዩ የአንድ ፒሲቢ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ተገጥመው በመዳብ መስመሮች የሚገናኙበት ሰሌዳ ጉዳይ ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የሆነ ወጣት ከታላቅ እህቱና ከአራት ዓመት ልጇ ጋር ይኖራል። ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ቮልቴጁ የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ እየሠራ ነው። ሰሌዳው 10 በ16 ሳንቲ ሜትር፣ በአንድ በኩል ብቻ መዳብ ያለው፣ የመዳቡ ውፍረት 35 ማይክሮን የሆነ ፋይበር ግላስ ነው። ንድፉ በሌዘር ፕሪንተር ታትሞ በካውያ ተተኩሶ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። የቀረው በንድፉ ያልተሸፈነውን መዳብ በኬሚካል ማሟሟት፣ ማለትም ማስበላት ብቻ ነው።

ለዚህም አንድ ሊትር 33 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ግማሽ ሊትር 35 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ እና ለቶነር (ንድፉ የታተመበት የፕሪንተር ዱቄት ቀለም) ማስለቀቂያ አንድ ጠርሙስ አሴቶን ገዝቷል። እቅዱ ቀላል ነው፦ ማታ ሁሉም ሲተኛ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን መዝጋት፣ በሳፋ ውስጥ ሁለት እጅ ፐርኦክሳይድና አንድ እጅ አሲድ መቀላቀል፣ ሰሌዳውን መዝፈቅ፣ የተረፈውን ለሚቀጥለው ሥራ በሃይላንድ ማስቀመጥ፣ ሳፋው ላይ የቀረውን ወለሉ ላይ ባለው ፍሳሽ መድፋት። እህቱ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱን በበረኪና ታጥባለች።

አብዛኛው ሰው ከዚህ እቅድ ውስጥ የሚፈራው ሰሌዳው አሲድ ውስጥ የሚቆይባቸውን ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ንቁ ነው፤ ጓንት ያደርጋል፣ ፊቱን ያርቃል። በዚህ ጉዳይ ላይ ትልልቆቹ አደጋዎች ያሉት ግን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው፦ ፐርኦክሳይዱ ላይ በተጻፈው ቁጥር፣ በሃይላንዱ ክዳን እና በቅዳሜው በረኪና።

ሥራው የሚፈልገው ኬሚካል ምን ያህል ነው

ሰሌዳው ላይ ያለው መዳብ ሁሉ ቢመዘን 5 ግራም ነው። ንድፉ ከመዳቡ 40 በመቶውን ቢያስቀር የሚበላው 3 ግራም ብቻ ይሆናል። በአሲድና በፐርኦክሳይድ መንገድ ይህን 3 ግራም ለማሟሟት በስሌት የሚያስፈልገው 9 ሚሊ ሊትር ያህል 33 በመቶ አሲድ እና 55 ሚሊ ሊትር ያህል 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ነው። ሰሌዳውን ለመሸፈን ሲባል ሰው የሚቀላቅለው ከዚህ ይበልጣል፤ ለምሳሌ 100 ሚሊ ፐርኦክሳይድና 50 ሚሊ አሲድ። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ከአሲዱ 40 ሚሊ ያህሉ ሳይነካ እዚያው ፈሳሽ ውስጥ አለ። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ስለተለወጠ «ኃይሉ አልቋል» ማለት ስህተት ነው። አረንጓዴው የሚናገረው ስለ ተሟሟው መዳብ እንጂ ስለቀረው አሲድ አይደለም።

35 እና 3

ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው «ሁለት እጅ ለአንድ እጅ» የሚለው ልክ የተሠራው ከፋርማሲ ለሚገዛው፣ ለቁስል ማጠቢያ ለሚሆነው 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ነው። አንዳንዱ ጠርሙስ በመቶኛ ፋንታ «10 ቮልዩም» ይላል፤ እሱም ያው 3 በመቶ ነው። 20 ቮልዩም 6 በመቶ፣ 40 ቮልዩም 12 በመቶ ማለት ነው። ኬሚካል መሸጫ የሚገኘው 35 በመቶ ግን በያንዳንዱ ሊትር ከፋርማሲው 13 እጥፍ የሚጠጋ ፐርኦክሳይድ ይይዛል።

ተማሪው ልኩን ሳይለውጥ 100 ሚሊ 35 በመቶ ከ50 ሚሊ አሲድ ጋር ቢቀላቅል፣ ሳፋው ውስጥ የሚገባው ፐርኦክሳይድ ለ3 ግራም መዳብ ከሚያስፈልገው 25 እጥፍ ያህል ይሆናል። ትርፉ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዱ ክፍል አሲዱን አጥቅቶ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ሌላው ክፍል ወደ ውሃና ኦክሲጅን ይፈርሳል፤ የተሟሟው መዳብ ደግሞ ይህን መፍረስ ያፋጥነዋል። ሲፈርስ የሚወጣው ሙቀት ያንን 150 ሚሊ ፈሳሽ ለማፍላት ከበቂ በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ውሃ የሚፈላው ገና በ92 ወይም 93 ዲግሪ ነው። ሂደቱ ራሱን በራሱ ያጣድፋል፦ በሞቀ ቁጥር ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥር ይሞቃል። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ብቻ ስለሚታይ ሰው ጎንበስ ብሎ ይመለከታል፤ ሲገነፍል ፊቱ ከሳፋው በላይ ነው። ሰሌዳውም አይተርፍም፤ ሙቀቱ ቶነሩን ያነሳውና መስመሮቹ ይበላሉ።

በእጅ ያለው 35 በመቶ ብቻ ከሆነ 75 ሚሊ ለክቶ 925 ሚሊ ንጹህ ውሃ ውስጥ መጨመር አንድ ሊትር 3 በመቶ ይሰጣል። 35 በመቶው ቆዳ ሲነካ ወዲያው ያነጣዋል፣ ያቃጥላልም፤ ዓይን ከነካ ሊያሳውር ይችላል። ለአንድ ሰሌዳ ሲባል እንዲህ ያለ ነገር ልጅ ባለበት ቤት ማስገባት ተገቢ አይመስለንም። ሻጩ ከተቀበለ መመለስ ይሻላል።

ሌላም አለ። አሲድ የነካው ሲሪንጅ ወይም መዳብ ያለበት ማንኪያ ተመልሶ ፐርኦክሳይዱ ጠርሙስ ውስጥ መግባት የለበትም። ከመደርደሪያ ላይ ያለ ምክንያት የፈነዳ የሚመስል ጠርሙስ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፦ ጥቂት የመዳብ ወይም የብረት ብክለት በዝግታ እያፈረሰው ቆይቶ ነው።

የተዘጋው ሃይላንድ

የተረፈውን ፈሳሽ በሃይላንድ አድርጎ ክዳኑን ማጥበቅ በጣም የተለመደ ነው፤ ቁጠባ ስለሚመስልም ማንም አይጠረጥረውም። ውስጡ የቀረው ፐርኦክሳይድ ግን ሌሊቱን ሙሉ ኦክሲጅን ያወጣል። ድብልቁ በ3 በመቶው ተሠርቶ ከሆነ፣ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ፐርኦክሳይድ ሁሉ ቢፈርስ ከግማሽ ባር ትንሽ የበለጠ ተጨማሪ ግፊት ይፈጥራል። ጠርሙሱ አይፈነዳም፤ ሲከፈት ግን አሲዱን ወደ ፊት ይረጨዋል። በ35 በመቶው ከተሠራ ግን በአዲስ አበባ አየር ግፊት ከ17 ሊትር በላይ ጋዝ ሊወጣ ይችላል፤ በዚያች ጠርሙስ ውስጥ ሲታመቅ 16 ባር ገደማ ነው። የመኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ገደማ ነው። ለተራ ውሃ የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ይህን አይችልም።

ፐርኦክሳይድ የነካው ማንኛውም ተረፈ ፈሳሽ ቢያንስ ለአንድ ቀን አይከደንም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይደረግለታል፣ ጠርሙሱም ሳይጋደም ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ሃይላንዱ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ሌላው መዳብ ማስበያ ኬሚካል፣ ፌሪክ ክሎራይድ፣ ፈሳሹ ሲያረጅ መልኩ ቡና ወይም ኮካ ይመስላል፤ ከአሲዱና ከፐርኦክሳይዱ የሚተርፈው የመዳብ ክሎራይድ ደግሞ ደማቅ አረንጓዴ ነው። አራት ዓመት የሆነው ልጅ ሃይላንድን የሚያውቀው የሚጠጣ ነገር መያዣ አድርጎ ነው። ነጭ ጋዝና በረኪናም በዚሁ መንገድ ልጆችን ይጎዳሉ። መያዣው የምግብና የመጠጥ መልክ የሌለው፣ ወፍራም፣ ታችኛው ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር 2 የታተመበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሁን። ላዩ ላይ የኬሚካሉ ስም፣ የተሠራበት ቀንና «መርዝ» የሚለው ቃል በማይለቅ ማርከር በአማርኛ ይጻፍበት፤ ቦታውም የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይሁን። ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም፤ አሲዱ ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጉመጥምጦ፣ ወተት ፍለጋ ጊዜ ሳያባክኑ፣ ጠርሙሱን ከነጽሑፉ ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

የቅዳሜው በረኪና

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚጎዳው ስለ ሥራው ምንም የማያውቅ ሰው ነው።

ወለሉ ላይ ያለው ፍሳሽ ሽታ እንዳይመጣ ተብሎ በሥሩ ውሃ የሚይዝ ሲፎን አለው። ማታ የተደፋው አሲድ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ውሃ ካለና በደንብ ከተለቀቀበት ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ሌሊት ቧንቧው ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪው አንድ ጆግ ከልሶ ይተኛል። ጠዋት እህቱ በረኪና ታፈስበታለች።

የቤት በረኪና አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። አሲድ ሲያገኘው ክሎሪን ይለቃል። 100 ሚሊ በረኪና፣ ማለትም ግማሽ ብርጭቆ የማይሞላ፣ በቂ አሲድ ካገኘ ወደ 4.8 ግራም ክሎሪን ያወጣል፤ በአዲስ አበባ አየር ግፊት ሁለት ሊትር ያህል ጋዝ ነው። መታጠቢያ ቤቱ 1.5 በ2 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ቢሆን 7.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ከጋዙ አንድ አሥረኛው ብቻ ወደ ክፍሉ ቢወጣ እንኳ መጠኑ ከሚሊዮን 28 እጅ ይሆናል። በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም መመሪያ ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ የሚባለው 10 እጅ ነው። ክሎሪን ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የምታጥበው ሴት ጎንበስ ብላለች፣ ከኋላዋ የቆመው ልጅ ቁመቱ አጭር ነው። ሽታው የበረኪና ሽታ ስለሚመስል «በረኪናው በዛ» ብላ ሥራዋን ልትቀጥል ትችላለች።

ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የሕክምና ማስክ ይህን ጋዝ አያግዱም፤ ማስክ የሚያጣራው አቧራና ጠብታ ነው። ክሎሪን የተነፈሰ ሰው ወዲያው ወደ ንጹህ አየር ይወጣል፤ በሩ ክፍት ይተዋል፤ ፈሳሹን «ላጽዳው» ብሎ ማንም አይመለስም። ሳሉ ጋብ ቢልም ሳንባ ውስጥ ውሃ የመቋጠሩ ምልክት ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ትንፋሽ ያጠረው ወይም ደረቱን የከበደው ሰው ሐኪም ሳያየው ማደር የለበትም።

ስለዚህ መታጠቢያ ቤቱ ከዚህ ሥራ ጨርሶ ይወጣል። አሲዱም ፐርኦክሳይዱም አሴቶኑም ከበረኪናው ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡም። አሴቶን በተለይ ከፐርኦክሳይድና ከአሲድ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ መገናኘት የለበትም፤ በቀላሉ የሚፈነዳ ውህድ ሊፈጠር ይችላል። ሰሌዳው በውሃ በደንብ ታጥቦና ደርቆ፣ የመዝፈቂያው ዕቃ ከቦታው ተነስቶ ነው አሴቶን የሚከፈተው።

ያው ሰሌዳ በሌላ መንገድ

ለዚህ ቤት የምንመርጠው ፌሪክ ክሎራይድ ነው። ያቆሽሻል፣ ዘገምተኛ ነው፣ ውስጡ ያለውን ሰሌዳ አያሳይም። ነገር ግን በክፍል ሙቀት የሚያንቅ ጋዝ አያወጣም፣ ጠርሙስ አያፈነዳም፣ ደጋግሞ ያገለግላል።

ሲገዛ ሁለት ዓይነት አለ። ቢጫ ወይም ቡናማ እርጥብ ጓል የሚመስለው ውስጡ ውሃ ያለው ሄክሳሃይድሬት ነው። ጠቆር ያለው ደረቅ ዱቄት ደግሞ ውሃ የሌለው ነው፤ ውሃ ሲነካው በኃይል ይሞቃል፣ የአሲድ ጭስም ያወጣል። ምርጫ ካለ የመጀመሪያው። በሁለቱም ግን የሚጨመረው ዱቄቱ ወደ ውሃው ነው፣ ጥቂት በጥቂት እየተማሰለ። ለዚህ ሰሌዳ 200 ግራም ሄክሳሃይድሬት በ200 ሚሊ ውሃ ይበቃል፤ 300 ሚሊ ትንሽ የሚያልፍ ፈሳሽ ይሆናል፣ 12 በ18 ሳንቲ ሜትር በሆነ ዝርግ የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ይኖረዋል። በስሌት 23 ግራም መዳብ ይበላል። በተግባር ግን እየዘገየ ስለሚሄድ እንዲህ ካሉ ሰሌዳዎች ሦስት ወይም አራት ይሠራል።

ቦታው በረንዳ፣ ጊዜው ቀን ነው። ልጁ ከእናቱ ጋር ከቤት ይወጣል። ሥር ያለው ጎረቤት ያሰጣው ልብስ እንዳይኖር ይታያል። ወለሉ ላይ ወፍራም ላስቲክ፣ በላዩ ጋዜጣ ይነጠፋል፤ ፌሪክ ክሎራይድ ሲሚንቶና የሴራሚክ መጋጠሚያ ላይ ከወደቀ ቢጫ ቡናማ እድፉ በውሃ አይለቅም። የሎሚ አሲድ ዱቄት በሙቅ ውሃ አድርጎ ቶሎ ማሸት ያደበዝዘዋል። ወጥ ቤት ያለው የብረት ሲንክ አጠገብ መሥራት አይገባም፤ ዝገት የማይነካውን ብረት እንኳ ይቦረቡረዋል። አሉሚኒየም ድስትማ ጭራሽ፤ እየፈላ ሃይድሮጂን ያወጣል።

የአዲስ አበባ ብርድ ሥራውን ስለሚያዘገይ ብዙዎች ዕቃውን ምድጃ ላይ ይጥዱታል። ይህ ነው ፌሪክ ክሎራይድን አደገኛ የሚያደርገው፤ ከ55 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተን ማውጣቱ ይበረታል። ይልቅ ዕቃውን 50 ዲግሪ ያህል ሙቅ ውሃ በያዘ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሰሌዳው መዳቡ ወደ ታች ሆኖ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ በተለጠፈ ፕላስቲክ ከሥር ከፍ ብሎ ይገባል፤ የተበላው ዝቃጭ ወደ ታች እንዲወርድ። ዕቃው በዝግታ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ከ15 እስከ 25 ደቂቃ የተለመደ ነው። ፈሳሹ ስለማያሳይ ሰሌዳው በፕላስቲክ መቆንጠጫ እየወጣ ይታያል። ጠብታ የሚረጨው ያኔ ነው፤ ስለዚህ ሰሌዳው ከዕቃው ጠርዝ አይወጣም፣ ሰው ነው ወደሱ የሚጠጋው፣ ዓይኑን በሚገባ ሸፍኖ።

ጓንቱ ናይትራይል ይሁን፣ ሳይለበስ በፊት አየር ተነፍቶ ቀዳዳ እንደሌለው ይታይ። መነጽሩ ጎኑም የተዘጋ ይሁን፤ የማንበቢያ መነጽር አይተካውም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሪድሃርድ ኪከበን ለሥዕል አታሚዎች ያዘጋጀው «ኤድንብራ ኢች» የሚባል ቅምር ለዚህም ሥራ ይጠቅማል፦ በፌሪክ ክሎራይዱ ላይ የሎሚ አሲድ ሲጨመር ዝቃጩን ያሟሟል፣ ማስበላቱም ይፈጥናል። ልኩ አራት እጅ የተጠገበ የፌሪክ ክሎራይድ ፈሳሽ፣ አንድ እጅ ደግሞ ከሦስት እጅ ውሃና ከአንድ እጅ የሎሚ አሲድ ዱቄት የተሠራ ፈሳሽ ነው።

ጀሪካኑ ከሁሉ ይቀድማል

ዓይን ውስጥ ኬሚካል የገባ ሰው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ መታጠብ አለበት። የዓይን ማጠቢያ መሣሪያዎች የአሜሪካ መመዘኛ በደቂቃ 1.5 ሊትር ለ15 ደቂቃ ይላል፤ 22.5 ሊትር መሆኑ ነው። ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ፣ ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ ተገጥሞለት፣ በረንዳው ላይ ከደረት ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ይህን ልክ ያሟላል። ቧንቧ አለ ብሎ መተማመን በዚህ ከተማ አይቻልም። ጀሪካኑ ሳይሞላ ጠርሙስ አይከፈት፤ ጎማው አስቀድሞ ተለቆ ውሃው በለስላሳ መውረዱ ይታይ። ዓይኑ የተነካው ሰው ከሕመሙ የተነሳ ዓይኑን ስለሚጨፍን ሽፋሽፍቱን ከፍቶ የሚይዝለት ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ብቻን መሥራት የማይገባውም ለዚህ ነው። ሶዳም ሆነ ሌላ ማርከሻ ዓይን ውስጥ አይጨመርም፤ ውሃ ብቻ፣ ከዚያ ሐኪም።

ሲያበቃ

ፈሳሹ ከሦስት አራት ሰሌዳ በኋላ ሰሌዳ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ሲፈጅበት አልቋል። ያኔ ውስጡ ወደ 10 ግራም መዳብ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የመዳብ ገደብ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው፤ 10 ግራሙ 5,000 ሊትር ውሃን እዚያ ገደብ ላይ ያደርሳል። ወደ ወንዝ ከገባ አቃቂ ዳር አትክልት የሚያጠጡ ገበሬዎች የሚቀዱት ውሃ ነው። ኮሌጁ የኬሚካል ቆሻሻ የሚሰበስብበት ዕቃ ካለው ከነጽሑፉ ለዚያ ማስረከብ የመጀመሪያው ምርጫ ነው።

ከሌለው፦ ፈሳሹ በ10 ሊትር ባልዲ ውስጥ በሁለት ሊትር ውሃ ይቀጥናል፣ በረንዳ ላይ። 190 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልገዋል፤ በማንኪያ፣ አረፋው እየበረደ። ባንድ ጊዜ ከተገለበጠ ይገነፍላል፤ በጠቅላላው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአዲስ አበባ ግፊት 70 ሊትር ይጠጋል። የአሲድነት (ፒኤች) መለኪያ ወረቀት 8 ሲያሳይ ይበቃል። ሶዳው አልቆ ወረቀቱ ገና 8 ካልደረሰ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) ጥቂት ይጨመራል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አይጨመር፤ መዳቡን መልሶ ያሟሟዋል። ባልዲው አንድ ሌሊት ሳይከደን፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ያድራል። ጠዋት ሥሩ ላይ ቡናማና አረንጓዴ ጭቃ ይዘቅጣል፣ ላዩ ይጠራል። ላዩ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ መዳብ አልወረደምና ወረቀቱ እንደገና ይታያል። የጠራው ውሃ በድርብ ጨርቅ ተጠልሎ በብዙ ውሃ ይደፋል፤ በዚያው ቀን ግን በዚያው ፍሳሽ በረኪና አይፈስም። ጭቃው በእጥፍ ሲሚንቶ ተለውሶ በወፍራም ላስቲክ ውስጥ ሲደርቅ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወጣል፤ ጨርቁም ጓንቱም አብረውት ይታሰራሉ።